አቮካዶው አይነቀል፦ «የተዳቀለ ፍሬ ተፈጥሮን መጣስ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ላኩልኝ። ሦስቱም የጠየቁኝ «እውነት ነው እንዴ?» ብለው ነው። አንደኛዋ ጓሮዋ ውስጥ አራት የተዳቀሉ አቮካዶዎች አሏት። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አብበዋል። ጽሑፉን ካነበበች በኋላ ልትነቅላቸው አስባለች። ይህን ምላሽ የጻፍኩት ከሁሉ በፊት ለእሷ ነው።

ላላነበባችሁት ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው ልጅነታቸውን ያሳለፉት በአያታቸው ግቢ ባለ አንድ ትልቅ አቮካዶ ሥር ነው። ዛሬ የዛፉ ሥር በስብሷል፤ ቅርንጫፉም ከአናቱ እየደረቀ ነው። ከዘሩ ጥቂት ችግኞች አፍልተው በራሳቸው ግቢ ተክለዋል። ከዚህ ተነስተው የሚሉት ይህን ነው። በየችግኝ ጣቢያው የሚሸጠው የተዳቀለ ችግኝ ጂኤምኦ (ዘረመሉ በላቦራቶሪ የተለወጠ) ነው። አባቶቻችን የበሉት ፍሬ ግን የሰው እጅ ያልነካው ነበር። ዘርን ከዘር መደባለቅ ተፈጥሮን መጣስ ነው። ዘር የሌለው ሙዝ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ የሚበላውንም ያመክናል። የጥሩ ፍሬ ዘር ከተተከለ ያው ጥሩ ፍሬ ይገኛል፤ ማዳቀል የመጣው ገበሬውን የነጋዴ ጥገኛ ለማድረግ ነው። ስለዚህ የተዳቀለው ይነቀል፣ ዘር ይተከል።

ጽሑፉ በፍቅር የተጻፈ ነው። ስለዛፉ ያላቸው ሐዘን ከልብ ይገባኛል። እኔም ብዙ ዓመት የኖርኩት በፍራፍሬ ችግኝ ሥራ ነው፤ ዛፍ ሲሞት ማየት ያመኛል። ነገር ግን የሰጡት ምክር ያንኑ የሚወዱትን ዛፍ ለዘላለም የሚያጠፋ ነው። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

«የተዳቀለ ችግኝ ጂኤምኦ ነው»

ይህ ስህተት ከቃሉ የመጣ ይመስለኛል። «ማዳቀል» የሚለውን ቃል ለሁለት ፈጽሞ ለማይገናኙ ሥራዎች እንጠቀምበታለን። የፈረንጅ ኮርማ ከቦረና ላም ጋር ሲገናኝ «ተዳቀለ» እንላለን። እዚያ አባትና እናት አሉ። የሁለቱ ዘረመል ተደባልቆ አዲስ ጥጃ ይወለዳል። የአቮካዶ ቅርንጫፍ ቆርጠን ሌላ ችግኝ ላይ ስንሰካም «ተዳቀለ» እንላለን። እዚህ ግን የተደባለቀ ዘር የለም። ባለሙያዎች ግራፍቲንግ የሚሉት ይህንን ነው።

ሥራውን አይታችሁ ለማታውቁ እንዲህ ነው። ከዘር የበቀለ ችግኝ እርሳስ ያህል ሲወፍር አናቱ ይቆረጣል። ግንዱ መሃል ለመሃል በስለት ይሰነጠቃል። ከምንፈልገው ዛፍ የተቆረጠች፣ እንቡጥ ያላት ትንሽ ቅርንጫፍ ጫፏ እንደ ሽብልቅ ተቀርጾ ስንጥቁ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ በፕላስቲክ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። ትልቁ ነገር ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ እርጥብ ሽፋን ከሽፋን ጋር መግጠሙ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቁስሉ ይሽራል። ውሃ ከታች ወደ ላይ ያልፋል፤ እንቡጡም ይፈነዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። የሚያስፈልገው የተሳለ ቢላ፣ ፕላስቲክና የለመደ እጅ ነው።

ከቁስሉ በላይ ያለው ክፍል ዘረመሉ ቅርንጫፉ የተቆረጠበት ዛፍ ነው። ከቁስሉ በታች ያለው ሥር ደግሞ የራሱ ነው። ባለሙያዎች ሩትስቶክ የሚሉት ይህ የታችኛው ክፍል ዛፉን ሊያሳጥረው፣ በሽታ እንዲቋቋም ሊረዳው ይችላል። የፍሬውን ዘር ግን አይለውጥም። ፍሬውም፣ በፍሬው ውስጥ ያለው ዘርም የላይኛው ነው።

ልውጠ ሕያው ወይም ጂኤምኦ የሚባለው ሌላ ነገር ነው። በፍራፍሬ ዓለም ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ የሃዋይ ፓፓያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ የፓፓያ ቫይረስ የሃዋይ ዋና የፓፓያ አምራች ወደሆነው ወደ ፑና ገባ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማሳውን አወደመው። እዚያው ሃዋይ የተወለደው ሳይንቲስት ዴኒስ ጎንሳልቭስ ከባልደረቦቹ ጋር ከራሱ ከቫይረሱ አንድ ዘረመል ወስደው ፓፓያው ውስጥ አስገቡ። በ1998 «ሬይንቦው» የሚባለው ዝርያ ለገበሬ ተሰጠ። ይህን አንድ ሰው ሊደግፈውም ሊቃወመውም ይችላል፤ መብቱ ነው። ቡታጅራ ወይም ሲዳማ ውስጥ አንድ ልጅ በቢላና በፕላስቲክ ከሚሠራው ሥራ ጋር ግን ስሙ አንድ ሊሆን አይችልም። የሁለቱን ስም ስናደባልቅ እውነተኛው ጂኤምኦ ሲመጣም መለየት ያቅተናል።

«የሰው እጅ ያልነካው ፍሬ»

እዚህ ላይ ቆየት ማለት እፈልጋለሁ። ምክንያቱም የጽሑፉ ሁሉ መሠረት ይህ ነው።

የሰው እጅ ያልነካው ሙዝ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ይሂድ። ፍሬው ትንሽ ነው። ሲላጥ ውስጡ በጥቁር፣ ጥርስ በሚሰብር ዘር የተሞላ ነው። የሚበላው ሥጋ በዘሮቹ መሃል ያለች ጥቂት ነገር ናት። ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት በፓፓዋ ኒው ጊኒ ደጋ፣ ኩክ በሚባል ረግረጋማ ቦታ ሰዎች የአፈር ጉብታ እየሠሩ ሙዝ ይተክሉ ነበር። አርኪዮሎጂስቶች የሙዝ ተክል ጥቃቅን ቅሪት እዚያ አፈር ውስጥ አግኝተዋል። እነዚያ ሰዎች ዘሩ ያነሰውንና ሥጋው የበዛውን እየመረጡ ቡቃያውን ነቅለው ሌላ ቦታ ይተክሉ ነበር። ይህንን ትውልድ በትውልድ አደረጉት።

አቮካዶም እንደዚሁ ነው። በምዕራብ ሆንዱራስ ኤል ሂጋንቴ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። ሰዎች በልተው የጣሉት የአቮካዶ ዘርና ልጣጭ እዚያ ተከማችቶ ተገኝቷል። የጥንቱ ዕድሜ 11,000 ዓመት ገደማ ነው። ከጥንቱ ወደ ቅርቡ ሲመጣ ፍሬው እየተለቀ፣ ልጣጩም እየወፈረ ይሄዳል። ልጣጩ የወፈረ ፍሬ ሳይጨፈለቅ ሩቅ ይጓዛልና ሰዎቹ ያንን መረጡ። እንግዲህ የጸሐፊው አያት ዛፍ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ምርጫ የልጅ ልጅ ነው። አቮካዶ ወደ እኛ አገር የገባውም ባለፈው መቶ ዓመት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ከተተከለባቸው ቦታዎች ሂርናና ወንዶ ገነት ይጠቀሳሉ። «የሀበሻ አቮካዶ» ስንል ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ እንግዳ ማለታችን ነው። ዛሬ የእኛ ሆኗል፤ ደስ ይለኛል።

ፓፓያን እዩት። በዱር ፓፓያ ወንዴና ሴቴ ዛፍ ለየብቻ ናቸው። ገበሬ የሚወደው ግን በአንድ አበባ ሁለቱንም ፆታ የያዘውን ነው፤ ብቻውን ያፈራልና። የዘረመል ጥናት እንዳሳየው ይህ ዓይነት ፓፓያ ከዱሩ ወንዴ የተለየው ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የመካከለኛው አሜሪካ ገበሬዎች መርጠው ያቆዩት ዛፍ ነው። ፓፓያ ዘርታችሁ ወንዴው ወጥቶባችሁ የቆረጣችሁ ሁሉ የምርጫውን ትርጉም ታውቁታላችሁ።

«ዘርን ከዘር መደባለቅ ተፈጥሮን መጣስ ነው» የሚለው ደግሞ በጣም አስደንቆኛል። ይህን የሚሉት ቡና እየጠጡ ሊሆን ይችላልና። አረቢካ ቡና ራሱ ድብልቅ ነው። ሁለት የቡና ዓይነቶች፣ ሮቡስታ የምንለውና ዩጂኒኦይደስ የሚባለው፣ ጫካ ውስጥ ተገናኝተው የወለዱት ነው። ይህ የሆነው በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ነው። ቢላ የያዘ ሰው በአካባቢው አልነበረም። ለዚህ ነው ሌሎቹ ቡናዎች 22 ክሮሞዞም (ዘረመልን የሚሸከሙ ክሮች) ሲኖራቸው አረቢካ 44 ያለው። የሁለቱንም ወላጆች ሙሉ ውርስ ይዞ ቀርቷል። እኛ በዓለም ፊት የምንኮራበት ዛፍ የተወለደው ከመደባለቅ ነው።

ብርቱካንም የመንደሪንና ፖሜሎ የሚባል ትልቅ ፍሬ ድብልቅ ነው። ግሬፕ ፍሩት ደግሞ ብርቱካንና ፖሜሎ ካሪቢያን ውስጥ፣ ባርቤዶስ ላይ ተገናኝተው በ18ኛው መቶ ዘመን የተገኘ ነው። ትንሿ፣ ክብ፣ ቅጠሏ የሚያውደው የቤታችን ሎሚስ? አባቷ ትርንጎ ነው። እናቷ ከወደ ፊሊፒንስ የምትገኝ የዱር ሎሚ ወገን ናት። ትርንጎ ሳይደባለቅ ከቆዩት ጥቂት ጥንታዊ ወላጆች አንዱ ነው። በየገዳሙና በየጓሮው ለምናየው ለዚያ ዛፍ የበለጠ ክብር ብንሰጠው ደስ ባለኝ።

ትርንጎን ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። እስራኤል ያሉ ቤተሰቦቻችን ይህን ፍሬ በሌላ መንገድ ያውቁታል። ለአይሁድ የዳስ በዓል፣ ለሱኮት፣ የሚያዘው ኤትሮግ ትርንጎ ነው። በሃይማኖታዊ ሕጋቸው ቅርንጫፉ በሌላ ዛፍ ላይ ከተሰካ ዛፍ የተለቀመ ኤትሮግ ለበዓሉ አይሆንም። ይህ የሥርዓት ጉዳይ ነው፤ የራሱ ክብር አለው፤ ልከራከርበት አይገባኝም። ጸሐፊው ግን የተናገሩት ስለ ሰው ጤና ነው። ስለ ጤና ከሆነ ማስረጃ ማቅረብ ነበረባቸው። አላቀረቡም።

«ዘር የሌለው ሙዝ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ ያመክናል»

ሙዝ ዘር ያጣው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አበባው የወንድ ብናኝ ሳያገኝም ፍሬው ይሞላል። ይህ ጠባይ በዱር ሙዝ ውስጥ አልፎ አልፎ የሚከሰት ነው፤ ሰው መርጦ አበዛው። ሁለተኛ፣ የምንበላው ሙዝ አብዛኛው እያንዳንዱን ክሮሞዞም በሦስት በሦስት የያዘ ነው፤ ባጠቃላይ 33። የዱሩ በጥንድ በጥንድ ነው፤ 22። ዘር ለመሥራት ክሮሞዞሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው መሰለፍ አለባቸው። ሦስት ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሁኑ ቢባሉ አንዱ ብቻውን ይቀራል። ሰልፉ ይበላሻል፤ ዘርም አይሠራም። ይህ የሆነው የተለያዩ የሙዝ ወገኖች በሰው እጅ ከደሴት ደሴት ሲዞሩ ተገናኝተው ነው። ላቦራቶሪ የሚባል ነገር ከመፈጠሩ ከሺህ ዓመታት በፊት መሆኑ ነው።

የሚያመክን ስለመሆኑ የምለው አጭር ነው። የምንበላው ነገር ሁሉ ዲኤንኤ አለው። ጎመኑም፣ ሥጋውም፣ ሙዙም። ሆዳችን ይፈጨዋል። የሙዙ ክሮሞዞም ሦስት መሆኑ የበላውን ሰው ክሮሞዞም አይነካም። ልጅ ለማግኘት የሚቸገሩ ባልና ሚስት ይህን አንብበው ሙዝ መብላት ብቻ ትተው ሐኪም ጋ ሳይሄዱ ቢቀሩ ጉዳቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ይህች ዓረፍተ ነገር ከጽሑፉ ብትወጣ ደስ ይለኛል።

ዘር የሌለውን ተክል በቡቃያ ማባዛት እንግዳ የሚሆንበት ሰው ካለ ወደ ደቡብ ይውረድና እንሰት የሚተክሉ እናቶችን ይጠይቅ። እንሰት የሙዝ ዘመድ ነው። ዱር ያለው እንሰት ከዘር ይበቅላል። የጓሮው እንሰት ግን የሚበዛው በቡቃያ ነው። ከአንዱ እንሰት ሐምቾ (ከግንዱ ሥር መሬት ውስጥ ያለው ወፍራም ክፍል) መሃሉ ያለው ዋናው እንቡጥ ይወጣና ሐምቾው ይቀበራል። ከዙሪያው ብዙ ቡቃያ ይወጣል። ቡቃያዎቹ ሁሉ የእናታቸው ትክክለኛ ግልባጭ ናቸው። ሳይንስ ክሎን የሚለው ይኸንኑ ነው። በዓለም ላይ እንሰትን ከዱር አውጥተው የጓሮ ተክል ያደረጉት የእኛ ሰዎች ብቻ ናቸው። ዛሬ ወደ ሃያ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይመገበዋል። ጸሐፊው «የፈረንጅ ላቦራቶሪ» ያሉትን ጥበብ አያቶቻችን በዶማ ሲሠሩት ኖረዋል።

«የጥሩ ፍሬ ዘር ጥሩ ፍሬ ይሰጣል»

ብዙ ገበሬን ዋጋ የሚያስከፍለው ይህ ነው። እኔንም አስከፍሎኛል። ከዓመታት በፊት ሰው ቤት የበላሁት አቮካዶ እጅግ ጣመኝ። ቅቤ ነበር። ዘሩን በወረቀት ጠቅልዬ ወስጄ ተከልኩት። ውሃ አጠጣሁ፣ ኮተኮትኩ፣ ጠበቅሁ። በሰባተኛው ዓመት አፈራ። ፍሬው ትንሽ፣ ዘሩ ትልቅ፣ ሥጋው ክር የበዛበት ሆነ። ሰባት ዓመት ለአንድ ቤተሰብ ብዙ ነው።

ምክንያቱ የአቮካዶ አበባ ነው። ይህ አበባ በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ይከፈታል። መጀመሪያ ሲከፈት ሴት ነው፤ ብናኝ ይቀበላል። ይዘጋል። በማግስቱ ሲከፈት ወንድ ሆኖ ብናኝ ይሰጣል። የአንዳንዱ ዛፍ አበባ ጠዋት ሴት ሆኖ በማግስቱ ከሰዓት ወንድ ይሆናል። የሌላው ከሰዓት ሴት ሆኖ በማግስቱ ጠዋት ወንድ ይሆናል። ሁለቱ ዓይነቶች ጎን ለጎን ሲሆኑ የአንዱ ወንድ ከሌላው ሴት ጋር በሰዓቱ ይገጥማል፤ ንብ ታገናኛቸዋለች። ስለዚህ የዚያ ጣፋጭ ፍሬ እናት ትታወቃለች፤ የዘሩ አባት ግን የጎረቤት ዛፍ ሊሆን ይችላል። አባትና እናቱ አንድ ዛፍ ቢሆኑ እንኳ ዛፉ ራሱ የብዙ ወገን ድብልቅ ስለሆነ በዘሩ ውስጥ ካርታው እንደገና ይበወዛል። ከአንድ ማህፀን የወጡ ወንድማማቾች አይመሳሰሉም። የአቮካዶም ልጆች እንዲሁ ናቸው።

አልፎ አልፎ ደግሞ ከዚህ ብወዛ ድንቅ ነገር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ካሊፎርኒያ፣ ላ ሃብራ ሃይትስ ውስጥ ሩዶልፍ ሃስ የሚባል ፖስታ አመላላሽ የአቮካዶ ዘሮች ተከለ። ሐሳቡ ችግኞቹ ላይ ፉዌርቴ የሚባለውን የዘመኑን ምርጥ ዝርያ ማዳቀል ነበር። አንዱ ችግኝ ላይ ደጋግሞ ቢሞከርም ቅርንጫፉ አልያዘም። ተወው። ዛፉ በራሱ አድጎ ልጣጩ ሻካራ፣ ሲበስል የሚጠቁር ፍሬ ሰጠ። መልኩ ለዓይን አይማርክም፤ ጣዕሙ ግን ሌላ ነበር። በ1935 ሃስ የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው አብዛኛው አቮካዶ ሃስ ነው። እያንዳንዱ የሃስ ዛፍ፣ በሜክሲኮም፣ በኬንያም፣ በእኛም አገር፣ ከዚያች አንድ ዛፍ ቅርንጫፍ በቢላ የተባዛ ነው። በ2019 የወጣው የዘረመል ጥናት ሃስ 61 በመቶ የሜክሲኮ፣ 39 በመቶ የጓቲማላ ወገን መሆኑን አሳይቷል። የእናቲቱ ዛፍ ሥር በስብሶ በ2002 ሞተች። ሃስ ግን አልሞተም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ለጸሐፊው ልፍረድላቸው። ጎረቤታቸው ከዘር የተከሉት ማንጎ ልክ እንደ እናቱ ሆኖ ማፍራቱን ጽፈዋል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ማንጎ ሁለት ወገን አለው። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣው ወገን ከአንድ ዘር ብዙ ቡቃያ ያወጣል። ከቡቃያዎቹ አብዛኞቹ አባት የላቸውም፤ ከእናቲቱ ሥጋ ብቻ የተሠሩ ግልባጮች ናቸው። ዘሩ ራሱ ማዳቀሉን ሠርቶ ጨርሶታል ማለት ይቻላል። የብርቱካንና የሎሚ ዘሮችም ብዙውን ጊዜ እንደዚሁ ናቸው። ከህንድ የመጣው ወገን ግን ከአንድ ዘር አንድ ቡቃያ ብቻ ይሰጣል፤ እሱም የአባትና የእናት ድብልቅ ነው። ገበያ ላይ የምናውቃቸው ኬንት፣ ኪት፣ ቶሚ አትኪንስ ከዚህ ወገን ናቸው። የኬንት ዘር ተክሎ ኬንት የጠበቀ ሰው ያዝናል። ስለዚህ የማንጎ ዘር ስትተክሉ ቡቃያውን ቁጠሩ። ሦስት አራት ከወጣ ተስፋ አለ። ከማንጎ ተነስቶ ስለ አቮካዶ መፍረድ ግን አይቻልም።

«ማዳቀል የነጋዴ ወጥመድ ነው»

ገበያው ውስጥ ማጭበርበር አለ፤ አልክድም። እኔ ራሴ ከአንድ ቦታ ሃስ ተብሎ ከተሸጠልኝ ችግኝ መካከል ጭራሽ ያልተዳቀለ አግኝቻለሁ። ግንዱ ላይ ፕላስቲክ ብቻ ተጠምጥሞበታል። ፕላስቲኩን ስፈታው ቁስል የለም። ስለዚህ ችግኝ ስትገዙ ፕላስቲኩን አስፈትታችሁ እዩ። የተሰነጠቀው ቦታ ጠባሳ ይታያል። ከጠባሳው በላይና በታች የቅርፊቱ መልክና ውፍረት ብዙውን ጊዜ ይለያያል። ቅርንጫፉ ከየትኛው ዛፍ እንደተቆረጠ ጠይቁ። መልስ የሌለው ሻጭ ካጋጠማችሁ ሂዱ።

ጥገኛ የሚያደርገው ግን አለማወቅ ነው። የሃስ ዛፍ ጓሮው ያለው ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ከራሱ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ መቶ ችግኝ ማዳቀል ይችላል። ለማንም አይከፍልም። በጥቂት ቀን የሚለመድ ሙያ ነው። እጅ እስኪፈታ ብዙው ይደርቃል፤ ከዚያ ብዙው ይይዛል። ያዳቀለው አቮካዶ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ያፈራል። ከዘር የተከለው ሰባት፣ አሥር ዓመት ሊያስጠብቀው ይችላል፤ የሚወጣውንም አያውቅም። ነፃ የሚያወጣው የትኛው ነው?

እውነት ያሉት ነገር

ጸሐፊው ሳይዘረዝሩት ያለፉት አንድ ትልቅ ስጋት አለ። እኔም እጋራዋለሁ። እሱም ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ከተከለ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ግልባጭ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥንካሬ፣ አንድ ዓይነት ድክመትም አለው።

ሙዝ ይህን አይቶታል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ በፊት በዓለም ገበያ የነበረው ሙዝ ግሮ ሚሼል የሚባለው ነበር። ፓናማ በሽታ የሚሉት የአፈር ፈንገስ መጣና የመካከለኛውን አሜሪካ እርሻ በየተራ ፈጀው። ዛፎቹ አንድ ስለነበሩ አንዱን የገደለው ሁሉንም ገደለ። ንግዱ ያንን በሽታ ወደሚቋቋመው ወደ ካቨንዲሽ ዞረ። ከአርባ ምንጭ የሚመጣልን ሙዝ አብዛኛው ከዚህ ከካቨንዲሽ ወገን ነው። አሁን ደግሞ ካቨንዲሽን የሚገድል አዲስ የፈንገሱ ዓይነት ተነስቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሞዛምቢክ መግባቱ ታወቀ፤ በ2019 ኮሎምቢያ። ሞዛምቢክ ያለችው በእኛው አህጉር ነው። ከውጭ የሙዝ ቡቃያና አፈር የነካው መሣሪያ ሲገባ መጠንቀቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ስለዚህ በየጓሮው ከዘር የበቀሉትን የድሮ አቮካዶዎች ቆርጦ ሁሉንም በሃስ መተካት ስህተት ነው። ከእነሱ መሃል ድርቅ የሚችል፣ ሥሩ የማይበሰብስ፣ ጣዕሙ ከሃስ የሚበልጥ ዛፍ ሊኖር ይችላል። ሃስም ራሱ እንደዚያ የተገኘ የጓሮ ዛፍ ነው። ጥሩ የሚያፈራ የድሮ ዛፍ ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ አትቁረጡት። ማን እንደተከለው፣ መቼ እንደሚያፈራ፣ ስንት ዓመት በሽታ ሳይነካው እንደቆየ ጻፉ። ቅርንጫፉንም ለሌላ ሰው ስጡ።

ጸሐፊው መልሱ «ዘር መትከል» ነው ብለዋል። ዘር መትከል አዲስ ዓይነት ዛፍ ያመጣል፤ ይህ ጥሩ ነው። የድሮውን ዛፍ ግን አያቆይም።

አሁን ለእርስዎ ለጸሐፊው። የአያትዎ አቮካዶ ከዘሩ አይመለስም። የተከሏቸው ችግኞች ልጆቹ ናቸው፤ ያንን ጣዕም ይዘው ላይወጡ ይችላሉ። ዛፉን ራሱን ማቆየት የሚቻለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በቢላው። የሃስ እናት በ2002 ስትሞት ሃስ ያልጠፋው ለዚህ ነው።

የሥር መበስበሱ ያለው ከታች ነው። ስለዚህ ከላይ፣ ገና አረንጓዴ ከሆኑት ቅርንጫፎች ጫፍ እርሳስ የሚያህሉትን ይምረጡ። ጥሩው ጊዜ እንቡጡ አብጦ ሊፈነዳ ሲል ነው። ጠዋት በማለዳ ይቁረጡ። ቅጠሉን ያራግፉ። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው ፕላስቲክ ውስጥ ያስገቡና ጥላ ያስቀምጡ። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መዳቀል አለበት። ከድሮው ዛፍ ሥር አፈር አያምጡ፤ አዲሱንም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አይትከሉ፤ በሽታው አፈሩ ውስጥ ይቆያል።

የሚሰካበት ችግኝ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብዎትም። በግቢዎ የተከሏቸው የዚያው ዛፍ ልጆች አሉ። እርሳስ ያህል ከወፈሩ ይበቃሉ። እናታቸውን መልሰን እነሱው ላይ እንሰካታለን። እንቡጡ ማበጥ ሲጀምር ይንገሩኝ፤ ቢላውን ይዤ እመጣለሁ።